ሐሩርና ሦስት መስመር

መብራት ሄዶ ማራገቢያው ቆሟል። ቀትር ነው፤ የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ጭር ብሏል፣ አልፎ አልፎ ባጃጅ ብቻ ይሰማል። እንዲህ ባለ ሰዓት ያለ ምክንያት ሆድ ይብሳል። የእቅድ ደብተሩን ያስገለጠኝም ይኸው ነው። መስከረም ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ ገጽ «ዘንድሮ ፈረንሳይኛ መቻል» ይላል። አንዲት ወዳጄ አይታው «ይሄማ ምኞት ነው» ብላ ነበር፤ እውነቷን ነው።

ምኞት ሥራ የሚሆነው ቁጥር ሲገባበት ነው። በእኛ አቆጣጠር ስሌቱ ቀላል ነው፤ 12ቱም ወር እኩል 30 ቀን አለው። ከ30ው ስድስቱ ባዶ ይተዉ፤ ለቅሶ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ራስ ምታት አለ። በቀሩት 24 ቀናት፣ በቀን 5 ቃል ቢያዝ በወር 120 ይሆናል፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ 1,200። ሐምሌና ነሐሴ ለክለሳ፣ ጳጉሜ ለቀጣዩ ዓመት ማቀጃ። ስድስቱን ቀን ያልተወ ሰው አንድ ለቅሶ ሦስት ቀን ይወስድበትና 15 ቃል ይወዘፍበታል። እሱን በአንድ ቀን ላካክስ ሲል ይሰለቸዋል፤ ደብተሩም በዚያው ይዘጋል። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ስህተት ጽፈዋል፦ ሰው ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ ሲገምት የፊቱን እቅድ ብቻ ያያል እንጂ ከዚህ በፊት መሰል ሥራዎች ስንት ጊዜ እንደፈጁ አያሰላም።

የቀኑ ገጽ ላይ ከሦስት መስመር በላይ አይጻፍ፤ የሚጻፈውም በዋዜማው ማታ ነው። «ፈረንሳይኛ ማጥናት» መስመር አይባልም፤ እጅ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። «ጠዋት 12፡30፣ ጀበናው ሲጣድ፣ ከገጽ 14 አምስት ቃል መገልበጥ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ማንበብ» ሲባል ግን የሚያጠራጥር ነገር አይቀርም። ከዚህ ሁሉ ዋናዋ «ጀበናው ሲጣድ» የምትለዋ ናት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ያቀደ ሰው ግቡን ብቻ ከያዘው የተሻለ እንደሚፈጽም አሳይቷል። ቡና በየቀኑ ይፈላል፤ መስመሩ እሱን ተከትሎ ይመጣል።

የድሬን ሰዓት ማወቅም ያስፈልጋል። ጭንቅላት የሚጠይቅ ነገር ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ይለቅ። ከቀኑ 6 እስከ 9 መገልበጥና ማስተካከል እንጂ አዲስ ነገር አይገባም።

ከሰዓት ደግሞ ምርቃና አለ። በርጫ ላይ የተያዘ እቅድ ሲያዩት ያምራል፤ ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ ማስተርስ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ። ቀዶ መጣል አይገባም፤ ሐሳቡ ብዙ ጊዜ የልብ ነው፣ የሚበዛው መጠኑ ነው። በደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ለብቻው ይጻፍና እስከ ጠዋት ይደር። ጠዋት ተነቦ፣ በ30 ደቂቃ ሊሠራ የሚችል ቁራጭ ከተገኘለት ያ ቁራጭ ብቻ ወደ ቀኑ ገጽ ይለፍ።

ማታ የተሠራው የራይት ምልክት፣ ያልተሠራው ቀስት ይደረግበታል። ባለ ቀስቱ ለነገ እንደገና በእጅ ይጻፋል። ስልክ ላይ ቢሆን ራሱ እየተሻገረ ወር ይቆያል፤ በእጅ ሲገለበጥ ግን ጣት ይታክተዋል፣ ያኔ ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል። ሦስት ቀስት የያዘ መስመር እንዳለ አይገለበጥም። ከብዶ ከሆነ ለሁለት ይከፈላል፤ ሰዓቱ ካልተስማማው ይዛወራል፤ ሌላ ሰው እየጠበቀ ከሆነ በቦታው «መደወል» ተብሎ ይጻፋል።

አምስት ቀስት ያላት አንዲት መስመር አለች፦ «ከምድር ባቡር ጡረታ ለወጡት ጎረቤታችን አንድ ገጽ ማንበብ»። ለገሃር የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያ ከሚለው፣ መምጣቱን የነገሩን እሳቸው ናቸው። ተከፍላ አሥር ደቂቃ ሆናለች። ሰዓቷ ወደ አመሻሽ ተዛውሯል፤ እሳቸውም በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። መደወል አያስፈልግም፣ መንገድ መሻገር ብቻ ነው። ከባድ አይደለችም፣ ሰዓቷ ልክ ነው፣ ማንንም አትጠብቅም። ታዲያ ይህችን ወዴት ነው የምጽፋት?