ዓይኔ የሚያነባው ስለደረቀ ነው ሲሉኝ አላመንኩም

መጋላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ያለ ቬንትሌተር መሥራት አይሞከርም። እኔም ማሽኑ አጠገብ አድርጌ ቀጥታ ወደ ፊቴ ነበር የማስነፋው። አምና ግራ ዓይኔ ማንባት ጀመረ፣ ቀኙም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። አንድ ቀን ለሙሽራ የምሰፋው ነጭ ሳቲን ላይ እንባዬ ጠብ አለና ክብ ምልክት ትቶ ደረቀ። ደንበኛዬ አይታኝ "ምነው እህቴ፣ ሀዘን ደረሰብሽ እንዴ?" አለችኝ።

መጀመሪያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠብታ ገዛሁ። በሁለት ቀን ቅላቱ ጠፋ። ሳቆመው ብሶበት መጣ፣ ደግሜ ገዛሁ፣ ሦስት ወር እንዲህ ከረምኩ። በኋላ ብልቃጡን ለዓይን ሐኪሟ ሳሳያት ደነገጠች። ስቴሮይድ ነው፣ ያለ ክትትል ሲቆይ የዓይን ግፊት ጨምሮ ግላኮማ ያመጣል፣ የዓይን ሞራም ያስከትላል አለችኝ። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ፣ እኔ በጊዜ ተርፌያለሁ።

ሐኪሟ የዓይን ቆቤን ገልብጣ አየች። ትራኮማ ሲቆይ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ዓይን ያስወጋል፣ እሱን በወረንጦ ቢነቅሉት ተመልሶ ይበቅላል፣ ኦፕራሲዮን ነው የሚፈልገው። የእኔ እሱ አልነበረም። አለርጂ እንዳልል አያሳክከኝም። አፍንጫዬ ሥር ያለው የእንባ መውረጃም አልተዘጋም። ከዚያ ብርቱካናማ ቀለም ነክታልኝ "ሳታርገበግቢ ቆዪ" አለች። ዓይኔ ላይ የተዘረጋው ስስ እንባ አምስት ሰከንድ እንኳን ሳይቆይ ይበጣጠሳል።

እንባ ላዩ ላይ ስስ ቅባት አለው፣ እንዳይተን የሚይዘው እሱ ነው። ቅባቱ የሚወጣው ከዓይን ቆብ ጫፍ ነው፣ የእኔ ደግሞ ተደፍኗል። መርፌ ላይ አፍጥጬ ስውል አላርገበግብም፣ ነፋሱ ያደርቀዋል፣ የተቆጣው ዓይን እንባ ያጎርፋል። ውሃው ሞልቶ የጎደለው ቅባቱ ነበር።

ሕክምናው ቀላል ነው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠዋትና ማታ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ 10 ደቂቃ የተጨፈነ ዓይኔ ላይ አደርጋለሁ። ጨርቁ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ፔርሙስ አጠገቤ አይጠፋም። ከዚያ ቆቡን በቀስታ ወደ ሽፋሽፍቱ አሻለሁ፣ ሥሩንም እጠርጋለሁ። ሰው ሠራሽ እንባ በቀን አራት ጊዜ ጠብ አደርጋለሁ። ለውጡን ያየሁት ከወር በኋላ ነው፣ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ ልተወው ነበር።

የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሕመም ካለው፣ ብርሃን ካስጨነቃችሁ ወይም ማየት ከቀነሰ ግን በዚያው ቀን ታዩ። የእኔ ቬንትሌተር አሁን ወለል ላይ ነው፣ እግሬን ያቀዘቅዛል።