ሚካኤል መቼ ነው?

«ሚካኤል መቼ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ደሴ ውስጥ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ጠያቂው የሙሽራዋ አባት ናቸው። የሠርግ ካርዱን ሊወስዱ መጥተዋል። እሽጉን ፈተው፣ አንድ ካርድ መዝዘው፣ መነጽራቸውን አድርገው ባንኮኒው ፊት ቆመዋል። ጨዋታ የጀመሩ መስሎኝ ነበር።

«በ12 ነዋ አባቴ።»

«እዚህ ስንት ይላል?»

ጥር 21 ይላል። በወርቃማ ቀለም፣ በሚያምር ፊደል፣ 300 ካርድ ላይ።

ጥር 12 የጥምቀት ማግስት ነው። ቃና ዘገሊላ፣ ሚካኤል። 21 ደግሞ ማርያም ናት። ወሎ ውስጥ ይህን ለማወቅ ክርስቲያን መሆን አያስፈልግም፤ ሙስሊሙም ቀኑን አብሮ ይቆጥራል። እኔ ግን ናሙናውን አንብቤ፣ «ታይቷል» ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ከአፌ የወጣውን ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ መብራቱን ከሰስኩ፤ ናሙናው የታየ ቀን መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ነው ያነበብኩት። ቀጥዬ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራውን ልጅ ጠራኋትና እሳቸው ፊት ጮኽኩባት። በመጨረሻ ፋይሉን ገልጬ የሰውየውን ፊርማ አሳየኋቸው። «ራስዎ ፈርመዋል እኮ!»

ሰውየው ፊርማቸውን አየት አደረጉ። «መነጽሬን ረስቻለሁ፣ አንብብልኝ ብዬህ አልነበር? ልክ ነው፣ ይፈርሙ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

እኔ ነኝ። ይባስ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ አዋቂ፣ «አባቴ፣ አንዳንድ ነገር ከእኛ ቁጥጥር ውጪ ነው» አልኳቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ያን ሰሞን የእስቶይክ ፍልስፍና ይዞኝ ነበር። ስሙ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ ጳውሎስ አቴና ውስጥ ከተከራከራቸው ፈላስፎች መካከል «ኢስጦኢኮች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ፣ ከቆጵሮስ የመጣው ዘኖ አቴና ውስጥ ሥዕል ባለበት በረንዳ ላይ ያስተምር ነበር። በግሪክ በረንዳው «ስቶአ» ይባላል፤ ስማቸውም ከዚያ መጣ። እኔ ግን ያገኘኋቸው ቴሌግራም ላይ ነው። ጢማም ሐውልት፣ ወፍራም ሙዚቃ፣ ከሥሩ አንድ ዐረፍተ ነገር። እዚያ እስቶይክ ማለት ምንም የማይሰማው ሰው ነው። ወደድኩት። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ለሚጮህበት ሰው የማይሰማው ጆሮ ማን ይጠላል?

ከሁሉም የያዘኝ ኤፒክቴተስ ነው። ባሪያ ሆኖ የኖረ፣ እግሩን የሚያነክስ፣ በኋላ ነፃ ወጥቶ ሮም ያስተማረ ሰው ነው። ንጉሡ ዶሚሺያን ፈላስፎችን ከሮም ሲያባርር ግሪክ ገብቶ ኒኮፖሊስ በምትባል ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ራሱ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም፤ ያቆየልን ተማሪው አሪያን ነው። የትምህርቱ በር አንድ ነው፤ አንዳንድ ነገር በእጃችን ነው፣ አንዳንዱ አይደለም። ፍርዳችን፣ ፍላጎታችን፣ የምንሸሸው ነገር በእጃችን ነው። አካላችን፣ ንብረታችን፣ ስማችን፣ ሹመታችን ግን አይደለም።

ይህን በትልቅ ፊደል አትሜ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። ወረቀትም ቀለምም ከሥራ ቤቱ። የስልኬ ቻርጀር የተሰረቀ ዕለት ለሠራተኛው ሁሉ የኤፒክቴተስን መብራት ተርኬያለሁ። የብረት ኩራዙን ሌባ ወሰደበት፤ እሱ ነገ የሸክላ እገዛለሁ ብሎ አለፈው። ቻርጀሩ የ150 ብር ስለነበር እኔም በቀላሉ አለፍኩት።

ወደ ባንኮኒው እንመለስ። «ከእኛ ቁጥጥር ውጪ ነው» ስል ልጅቷ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ዓይኗ ዕንባ አቅርሯል። ግን ዝም አላለችም።

«ጋሼ፣ ያንተ ፈላስፋ ጥፋትህን ለሰው አድል ነው እንዴ የሚለው?»

ሰውየው ሳቃቸውን ዋጡት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

አባትየው ጊዜ አልነበራቸውም። ወንድማቸው በማግስቱ ንጋት 11 ሰዓት በአውቶቡስ ወደ ወልድያ ይሄዳል፤ የዚያ አገር ዘመድ ካርድ በእሱ እጅ ነው የሚላከው። አንዱ ሠራተኛ 21ዱ ላይ ስቲከር እንለጥፍበት አለ። ሰውየው ካርዱን እያገላበጡ፣ «የልጄን ሠርግ በፕላስተር?» አሉ። ስቲከሩ ቀረ።

ባዶ ካርድ የሚመጣልን ከአዲስ አበባ ነው። ከዚያ ከወርቃማው ዓይነት የቀረን 90 ብቻ ነበር፤ ሌላው ነጭ ነው። «ወርቃማው ለወልድያ ይሂድ» አሉ ቆይተው። «የሰፈሩን ሰው በነጩም እጠራዋለሁ። ንጋት ላይ እመጣለሁ።» ደህና ዋል ሳይሉኝ ወጡ።

ልጅቷ ፋይሉን ከፍታ 21ዱን 12 አደረገች። ናሙናውን አውጥታ ሰጠችኝና፣ «ጮክ ብለህ አንብበው። በጣትህ እየተከተልክ» አለችኝ። አነበብኩ። የሙሽራው ስም፣ የሙሽራዋ ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው። የስልክ ቁጥሩ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ድገመው።»

ዘጠኝ ቁጥር ነው። አንድ ጎድሏል። አባትየውም አላዩትም፣ እኔም ሁለቴ አልፌዋለሁ።

ስልኩን አስተካክላ ወንድሟ ሊወስዳት ሲመጣ ሄደች። እኔና የማሽኑ ሠራተኛ ቀረን። 30 ካርድ እንዳተምን መብራቱ ድርግም አለ። ሠራተኛው ውጪ ሻይ ሊጠጣ ወጣ። የደሴ ብርድ በጥር እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጋቢ አምጥቼ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሴኔካ ትዝ አለኝ። የንጉሥ ኔሮን መምህር የነበረው ሮማዊ ነው። ስለ ቁጣ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የማታ ልማዱን ይናገራል። መብራቱ ከተነሳና ሚስቱ ዝም ካለች በኋላ ቀኑን ሙሉ ይመረምራል፤ ያለውን፣ ያደረገውን፣ ምንም ሳይደብቅ። ከሚያነሳቸው ምሳሌዎች አንዱ ላይ ራሱን ይወቅሳል፤ ያንን ሰው ከሚገባው በላይ በግልጽ ገሠጽከው፣ ስለዚህ አላረምከውም፣ አስቀየምከው ይላል። ሳነበው በፍጥነት ያለፍኩት ቦታ ነው። ቴሌግራም ላይ ይህን ከሐውልት ሥር የለጠፈ አላየሁም።

ጨለማው ውስጥ ቀኑን ከጠዋቱ ጀምሬ ቆጠርኩት። መብራት መጥፋቱ በእጄ አልነበረም። እውነት ነው። መብራቱ እስኪመጣ መጠበቅ ግን በእጄ ነበር። የሰውየው ዓይን በእጄ አይደለም፤ ሳላነብ «ልክ ነው» ማለቴ ግን የራሴ ሥራ ነው። ልጅቷ ቁጥር ማገላበጧን አላዘዝኩም። የእኔ ቦታ የተፈጠረው ግን ቁጥር ስለሚገላበጥ ነው! ኃላፊ የሚያደርገኝ እሱ ነው፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለእሱ ነው። እስቶይኮች የቀስተኛ ምሳሌ ነበራቸው። ዒላማውን መምታት በቀስተኛው እጅ አይደለም፤ ነፋስ አለ፣ ዒላማውም ሊንቀሳቀስ ይችላል። በደንብ መደገንና መልቀቅ ግን የእሱ ነው። እኔ ሳልደግን ነፋሱን የማማ ቀስተኛ ነበርኩ።

እኛ አገር «አብሽር» እንላለን። ከአረብኛ የመጣ ነው፣ አይዞህ እንደ ማለት። ሸጋ ቃል ነው። ግን አብሽር የሚባለው የተጎዳው ሰው ነው። ጎጂው ለራሱ ሲለው ደስ አይልም። እኔ ከፍልስፍናው የወሰድኩት ለራሴ የምለው አብሽር ነበር።

መብራቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ መጣ። 90ውን ጨረስን። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ሁሉም ከአንድ ናሙና እንደሚወጡ ባውቅም አየኋቸው።

ንጋት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሞልቶታል። ሰውየው በጋቢ ተጠቅልለው መጡ። መነጽራቸው በእጃቸው ነው። ከላይ አንዱን፣ ከመሀል አንዱን፣ ከሥር አንዱን መዝዘው አነበቡ። የስልኩን ነገር ራሴ ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ምንም ሳይሉ ካርዱን ተሸክመው ወጡ።

ልጅቷ ስትገባ ይቅርታ ጠየቅኳት። ኮምፒውተሯን እያበራች፣ «የሰደብከኝ እሳቸው ፊት ነው» አለችኝ። «ይቅርታውም እሳቸው ፊት ይሁን።»

እውነቷን ነው። ግን አንድ ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በነጩ የታተመውን ሊወስዱ በሦስተኛው ቀን ሲመጡ ጠራኋት። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር፣ ያለ አግባብ እንደጮኽኩባት፣ የ300ውን ካርድ ዋጋም ከደመወዜ እንደምከፍል ተናገርኩ። ባንኮኒው አጠገብ ሌሎች ሁለት ደንበኞች ቆመው ነበር። ጆሮዬ ጋለ። ስም በእጃችን አይደለም የሚለውን ኤፒክቴተስን ያኔ ነው በቅጡ የሰማሁት።

«ወንድ ነህ» አሉ አባትየው። ልጅቷ ወደ ኪቦርዷ ተመለሰች።

ከጠረጴዛዬ በላይ የነበረውን ጽሑፍ አነሳሁት። በቦታው ጥር 21 የሚለው ካርድ ተሰክቷል።

ሠርጉ በ12 ሆነ፣ ተጠርቼም በላሁ። እስከ ዛሬ ፒያሳ ላይ ካገኙኝ ሰላምታ አያስቀድሙም።

«ሚካኤል መቼ ነው?»

«በ12 ነው አባቴ።»

«አንብበህ ነው ወይስ በአፍህ?»