ማተብ

«ታካሚው ያለ ምንም ምክንያት ጠበኛ ሆነ።» ይህን ቻርቱ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማዬም አለበት።

ልጁን ከጮቄ ተራራ ሥር ወንድሞቹ ናቸው ያመጡት፣ በቀጥታ ከጠበል። እጁ በጠፍር ታስሯል። ፈታንለት። ውሃ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ጣጣው የመጣው ፍተሻው ላይ ነው።

የአእምሮ ሕክምና ክፍላችን ሕግ ቀበቶ፣ የጫማ ክር፣ አንገት ላይ የሚታሰር ነገር ሁሉ ይወጣል ይላል። ሕጉ ከመሬት አልተነሣም። በቀበቶ የደረሰውን ያየን እናውቃለን። የፈረቃው ኃላፊ «ያቺንም አውጡለት» አሉ። ጥበቃው መቀስ አነሣ። ቀጭ!

የጎጃም ሰው ማተብ፣ በመቀስ።

ለአራት ያዝነው። የሚያረጋጋውን ሃሎፔሪዶል 5 ሚሊ ግራም ወጋነው። መድኃኒቱ እስኪይዘው «ክርስትናዬን!» እያለ ሲጮህ ግማሽ ሰዓት ሄደ። የጋዋኔ እጅጌ ተተረተረ። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እንደተናደድኩ ነው።

እታለም የምንላት ጽዳት ሠራተኛችን መወልወያዋን ተደግፋ ሁሉንም ታይ ነበር።

«አንተ፣ ማተብ አለህ?»

«አለኝ።»

«እስቲ ና ልቁረጥልህ።»

እጄ ሳላዘው አንገቴ ላይ ወጣ። አየችው። ምንም አላለችም፤ ወለሏን መወልወል ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲነጋ የልጁ አንገት ወደ ጎን ተጠምዝዞ አገኘነው። ሃሎፔሪዶል አንዳንዴ የሚያመጣው ነገር ነው፤ ፕሮሜታዚን ወግተነው ተመለሰ። ወንድሞቹ ግን ምክንያቱን ቀድመው አውቀውታል። «ማተቡን በጥሳችሁ አንገቱ እንዴት ይቅና?» ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ማስረዳት ጀመርኩና ተውኩት። በዚያ ጠዋት ማን ያምነኛል?

መላውን ያመጣችው እታለም ናት። ስስ ጥቁር ክር፣ ጠበቅ አድርገው ቢጎትቱት የሚበጠስ፣ ሰው የማያንቅ። ልጁ ራሱ አሰረው። ያን ቀን ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ከወራት በኋላ ሥልጠና ተዘጋጀ፤ የተቆጣ ታካሚን በክብር ስለመያዝ። አሠልጣኙ ኃላፊያችን ነበሩ። «መጀመሪያ ለምን ተቆጣ ብላችሁ ጠይቁ» አሉ። ለምሳሌ የማተቡን ታሪክ አነሡ። መቀሱ አልተነሣም። «ስስ ክር እንዲሆን ወሰንን» አሉ። ወሰንን! እታለም አዳራሹ ውስጥ የለችም፣ ጽዳት አይሠለጥንም። ተጨበጨበ። ውሸት ለምን እናገራለሁ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ቻርት አይፋቅም። ልጁ በየወሩ መርፌውን ሊወጋ ሲመጣ ካርዱን እገልጣለሁ፤ ያቺ ገጽ ላይ ስደርስ ቶሎ አልፋለሁ። እሱ ደህና ነው፣ ሰላምታም ይሰጠኛል። በሩ ላይ ጥበቃውን ሲያይ ብቻ የኮሌታውን ቁልፍ ይቆልፋል።