ያለ ሰበብ የሚዘጋ ብሮውዘር

ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ብሮውዘሩ በገዛ ፈቃዱ መዘጋት ከጀመረ ሰነባብቷል። መጀመሪያ ላይ አንዱ ታብ ብቻ ነጭ ሆኖ ገጹን መክፈት እንዳልቻለ የሚገልጽ አጭር መልእክት ያመጣና፣ መልሰው ሲከፍቱት እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር። እያደር ግን መስኮቱ በሙሉ ምንም ሳይል ድንገት ይጠፋ ጀመር፤ ልጄ የሒሳብ ትምህርት ቪዲዮ እየተከታተለች መሀል ላይ ይጠፋባታል፣ እኔም ቅጽ ሞልቼ ልልክ ስል ይጠፋብኛል። ዛሬ ነገሩ መቋጫ ስላገኘ፣ ምክንያቱ የተገኘበትን መንገድ ሳልረሳው ላሰፍረው ፈለግሁ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን እኔም አደረግሁ። ካሹን (ብሮውዘሩ ለጊዜው ያስቀመጣቸውን ፋይሎች) አጸዳሁ፣ ብሮውዘሩን አፕዴት አደረግሁ፣ ቫይረስ ፈተሽሁ፣ ኤክስቴንሽኖቹን (በብሮውዘሩ ላይ የተጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) በሙሉ አጠፋሁ፤ ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ በብሮውዘሩ ውስጥ አዲስ ፕሮፋይል፣ ማለትም ከባዶ የሚጀምር የተጠቃሚ ፎልደር፣ ከፈትሁ። ብሮውዘሩን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ቡክማርካችንን፣ የጎበኘናቸውን ገጾች ዝርዝርና ሴቲንጋችንን የያዘውን አሮጌ ፎልደር ስለማይነካው፣ ብልሽቱ እዚያ ውስጥ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው፤ የኢንተርኔት ጥቅል ማቃጠሉም ሌላ ነው። አዲስ ፕሮፋይል መክፈት ግን የሚፈጀው አንድ ደቂቃ አይሞላም። እሱም ሳይረዳኝ ሲቀር «ሃርድዌር አክስለሬሽን» የሚባለውን አጠፋሁ። ይህ ሴቲንግ የቪዲዮንና የምስልን ሥራ ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ለግራፊክስ ካርዱ የሚያስተላልፍ ሲሆን፣ የካርዱ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አሮጌ በሆነበት ኮምፒውተር ላይ ብሮውዘር በተደጋጋሚ እንዲዘጋ ከሚያደርጉት የታወቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። የእኛው ግን ከጠፋም በኋላ ያንኑ ጠባዩን ቀጠለ።

ከሁሉ ይልቅ ያጠራጠረኝ ብልሽቱ መልክ የሌለው መሆኑ ነበር። የፕሮግራም ስሕተት ልማድ አለው፤ አንድ ገጽ ሲከፈት ወይም አንድ ዓይነት ቪዲዮ ሲጫወት ይመጣል፣ ያንኑ ሲደግሙትም ይደገማል። የእኛው ግን ዛሬ ዜና ሲነበብ፣ ነገ ኢሜይል ሲከፈት፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ማንም ሳይነካው ይዘጋ ነበር። ዊንዶውስ ብልሽቶችን የሚመዘግብበትን «ኢቨንት ቪወር»ን ከፍቼ ሳይም፣ ጥፋቱ ደረሰበት ተብሎ የሚጻፈው የፋይል ስም በየጊዜው ይለያያል፤ አንዴ የብሮውዘሩ የራሱ ፋይል ነው፣ አንዴ የዊንዶውስ፣ አንዴ የግራፊክስ ድራይቨሩ። ስለዚህ ሌላ ብሮውዘር ጭኜ ጎን ለጎን መጠቀም ጀመርሁ። በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ክሮም፣ ኤጅና ኦፔራ ስማቸው ይለያይ እንጂ ሦስቱም ክሮሚየም በተባለው አንድ መሠረት ላይ የተሠሩ ስለሆኑ፣ አንዱን በሌላው መፈተን ብዙ አይነግርም። ፋየርፎክስ ግን ጌኮ የሚባል የራሱ ሞተር፣ ማለትም ገጾችን አንብቦ የሚያሳይ የውስጥ ክፍል፣ አለው። እኔም ሞተራቸው የተለያየ ሁለት ብሮውዘሮችን ነበር ያነጻጸርሁት፤ ሁለተኛውም ብዙ ሳይቆይ ልክ እንደ መጀመሪያው ድንገት ተዘጋ። እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲወድቁ፣ ከሥራቸው ያለውን ዕቃ መመርመር ይሻላል።

ሰፈራችን ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ግን ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ፣ «ጋሼ፣ ምን ያለፋዎታል፣ ፎርማት እናድርገውና ይገላገሉ» አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለኮምፒውተር ችግር ሁሉ የሚታዘዘው መድኃኒት ፎርማት ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን እውነትም ብዙ ነገር ይስተካከላል፣ ደንበኛውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ይሁንና የተበላሸው ዕቃው ራሱ ከሆነ፣ ፎርማቱ የዓመታት ፎቶና ሰነድ አስጠፍቶ ችግሩን ባለበት ይተወዋል፤ ይባስ ብሎም አዲሱ ዊንዶውስ በሚጫንበት ሰዓት ፋይሎቹ ከመነሻው ተሳስተው ሊጻፉ ይችላሉ። አመስግኜው ኮምፒውተሩን ወደ ቤት መለስሁ።

ማታ ታስክ ማናጀሩን ከፍቼ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል ራም (ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) እንደያዘ አየሁ። የጽሑፍ መጻፊያው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ይዟል፤ ብሮውዘሩ ደግሞ ጥቂት ታቦች ብቻ ተከፍተውበት ከሁለት ጊጋባይት በላይ ወስዷል። የዛሬ ብሮውዘሮች ታቦቻቸውን በተለያዩ ፕሮሰሶች (ለየብቻቸው በሚሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች) ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ይዞት የመጣው አሠራር ይኸው ነበር፣ ሌሎቹም ተከትለውታል። ጥቅሙ አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌሎቹን ይዞ አለመውደቁ ሲሆን፣ ዋጋው ራም መብላቱ ነው። እንግዲህ ከራሙ አንዲት ጥግ ብትበላሽ፣ ሰፊውን ቦታ ይዞ ያለማቋረጥ የሚጽፍና የሚያነብ ብሮውዘር ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ያቺን ጥግ መርገጡ አይቀርም። ብልሽቱ ታቡን በያዘው ፕሮሰስ ላይ ሲያርፍ ያ ታብ ብቻ ይሞታል፣ ዋናው ፕሮሰስ ላይ ሲያርፍ መስኮቱ በሙሉ ይጠፋል። ያየነው ሁለቱም ዓይነት ነበር።

ዊንዶውስ ለዚህ የሚሆን የራሱ መመርመሪያ አለው። በመፈለጊያው ላይ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብለው ሲያስጀምሩት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣና፣ ሰማያዊ መደብ ላይ በመቶኛ እየቆጠረ ይፈትሻል፤ ኤፍ 1ን ሲጫኑ ደግሞ ረዘም ያለውን ፍተሻ መምረጥ ይቻላል። የመጀመሪያው ፍተሻ ምንም አላገኘም። እኔ ግን አልረካሁምና ሜምቴስት 86 የተባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ላይ ጭኜ ኮምፒውተሩን በእሱ አስነሣሁት፤ መብራት እንዳይጠፋ እየተመኘሁም ሌሊቱን ሲፈትሽ እንዲያድር ተውሁት። ጠዋት ስነሣ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመሮች ተደርድረው ነበር። እያንዳንዱ መስመር የራሙን አድራሻ፣ መገኘት የነበረበትን ቁጥርና የተገኘውን ቁጥር ያሳያል፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳነጻጽራቸው ከአንድ አኃዝ በቀር አንድ ነበሩ፣ አድራሻዎቹም ቢሆኑ ተቀራራቢ ናቸው። ለጠጋኙም ለቤተሰቡም የሚታይ ማስረጃ ነውና በስልኬ ፎቶ አነሣሁት።

የቀረው ኬዙን መክፈት ነበር። ገመዱን ከሶኬት ነቀልሁ፣ የተረፈው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭኜ ያዝሁ፣ በእጄ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው ደግሞ የኬዙን ብረት ነካሁ። ብሎኖቹን በካቻቪቴ ፈትቼ ጎኑን ሳወጣ አቧራው በማዘርቦርዱ ላይ ተኝቶ ተገኘ። ራሞቹ ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው አራት ጊጋባይት። ግራና ቀኝ የያዟቸውን ማቀፊያዎች ወደ ውጭ ሲገፏቸው ራሙ ብቅ ይላል፤ ከታች በኩል ወርቅማ ጥርሶቹ ደብዝዘው ስለነበር፣ የእኛ ጠጋኞች ልማድ እንደሆነው በልጄ ላጲስ በቀስታ አሸኋቸውና ፍርፋሪውን አራግፌ መለስኋቸው። ፍተሻውን ደገምሁ፤ ቀዩ መስመር አሁንም መጣ። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ፈተንኋቸው። አንደኛው በየትኛውም ማስገቢያ ቢገባ ንጹሕ ነው፤ ሁለተኛው ግን ማስገቢያውን ብቀይርለትም ስሕተቱ ተከትሎት ይሄዳል። ማስገቢያ እየቀያየሩ መፈተን የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው፤ ስሕተቱ ከራሙ ጋር ካልተዛወረና ማስገቢያው ላይ ከቀረ፣ ጥፋቱ የማዘርቦርዱ ነው ማለት ነው።

አራት ጊጋባይት ማለት ከ34 ቢሊዮን በላይ ቢት (ዜሮ ወይም አንድን ብቻ የምትይዝ ትንሿ የመረጃ ክፍል) ነው፤ ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ ዜሮ ተብለው አንድ ሲመልሱ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ የሚመጣው። ሰርቨሮች እንዲህ ያለውን ስሕተት አግኝቶ የሚያርም ራም አላቸው፣ የቤት ኮምፒውተሮች ግን በአብዛኛው የላቸውም። ጉግል በራሱ ሰርቨሮች ላይ አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ምርምር፣ በዓመት ውስጥ ከ100 ራሞች ከ8 በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ስሕተት እንዳሳዩ ይገልጻል። ይህንን ሳነብ የገረመኝ የእኛው መበላሸቱ አልነበረም፤ ይህን ያህል ዓመት መቆየቱ እንጂ።

አሁን ኮምፒውተሩ በአንዱ ራም ብቻ ይሠራል። ብሮውዘሩ አይዘጋም፤ ልጄ ታብ ባበዛች ቁጥር ግን ራሙ ይሞላና ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ያዘግማል። ሌላ ራም ያስፈልጋል። ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር 3 ስለሆነ ከዚያ በኋላ የመጣው ዲዲአር 4 አይገባለትም፤ መሀሉ ላይ ያለው ቁርጥ የሚውልበት ቦታ ይለያያል። አዲስ ማግኘት ስለሚያስቸግር ያገለገለ ነው የምፈልገው፤ ስገዛም ሌሊቱን ፈትሼው ስሕተት ከታየበት እንደሚቀይርልኝ ሻጩን አስቀድሜ አስማማለሁ።

ከብሮውዘሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ጉዳይ አለ። አንድ ፋይል ከቦታ ወደ ቦታ ሲቀዳ በራሙ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ራሙ አንዲት ቢት ቢያሳስት ፋይሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ተበላሽቶ ይጻፋል። ብሮውዘሩ ሲዘጋ በከረመበት ጊዜ ከእኅቴ ልጅ ሠርግ የተነሡ ፎቶዎችን ከሜሞሪ ካርድ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጫለሁ። ካርዱ እጄ ላይ ስላለ ፎቶዎቹን በደህናው ራም እንደገና እየገለበጥሁ፣ መጀመሪያ ከተገለበጡት ጋር በፋይል ማነጻጸሪያ ፕሮግራም አንድ በአንድ እያመሳከርሁ ነው። እስካሁን የተለያዩ ሁለት ተገኝተዋል፤ አንደኛው ሲከፈት ከግማሹ ወደ ታች ያለው ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ ሌላው ለዓይን ምንም የጎደለው አይመስልም። ሥራው ገና ስላላለቀ ካርዱን ማንም እንዳያጠፋው በወረቀት ጠቅልዬ «አይነካ» ብዬ ጽፌበታለሁ።