የአጎቴ ንፍሮ

ትናንት መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የኮሮና ክርክር ተነሳ። አንዱ አስነጠሰ፣ ሌላው "ራቅ በል ወንድሜ፣ ኮሮና" ብሎ ቀለደ፣ ከዚያ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጉድ ሆነ። አንደኛው ያኔ አገሩ ጥርቅም ተደርጎ መዘጋት ነበረበት ይላል። ሌላው ደግሞ በሽታው ራሱ የተጋነነ ነው፣ የተዘጋው ሁሉ በከንቱ ነው ይላል። የባዮሎጂው መምህር ስለ ክትባት ሊያስረዳ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለቴም አቋረጡት። እኔ ዝም አልኩ። ያኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ፤ ፌስቡኬን ወደ ኋላ የሄደበት ሰው ያገኘዋል።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው ይህን የምጽፈው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ተባለ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። ለ15 ቀን ነው የተባለው። ተማሪዎቼ ጨፈሩ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የማርመው የፈተና ወረቀት ክምር ነበረብኝ። 15 ቀኑ ክረምቱን አልፎ ሌላ ዓመት ገባ። በዚያ ሳምንት እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አይቀመስም ነበር። እናቴ ፌጦና ዝንጅብል ወቅጣ በማር ለውሳ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ማንኪያ ታጎርሰን ጀመር፤ ማታ ስናዛጋ የቤቱ ሽታ አይጣል ነው።

ፒያሳ ላይ ድሮ "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" እያሉ የሚከተሉ ልጆች ስሙን ቀየሩት። "ኮሮና! ኮሮና!" ሆነ። የአክስቴ ልጅ ፋሲል ግቢ አካባቢ አስጎብኚ ነው፤ ይህን ሲያይ እየሮጠ ልጆቹን ይበትናል። ቱሪስቶቹ ግን በሳምንቱ ራሳቸው ተበተኑ። ከሦስት ወር በፊት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ዩኔስኮ ጥምቀትን መዝግቦልን ከተማው ሁሉ "ከእንግዲህ እንግዳ ይጎርፋል" ሲል ነበር። እሱም ዕቁብ ደርሶት ጥሩ ጫማና ካሜራ ገዝቶ ነበር። ካሜራው ሰኔ ላይ ተሸጠ። ጫማው እግሩ ላይ አለቀ፣ የት እንደሚሄድበት እግዜር ይወቅ።

መጋቢት 30 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የለም። መጨባበጥ የለም። ታክሲ በግማሽ ይጭናል፣ ታሪፉ እጥፍ ይሆናል። ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት የኮሮና ማሳሰቢያ ይነገረናል፤ እናቴ መጀመሪያ ሰሞን "እሺ የኔ እመቤት" እያለች ትመልስላት ነበር። እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡም ተባለ። ጎንደር የኖረ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም የሚመጣው ሲፈልግ ነው። ሱቅ በር ላይ የተቀመጠችው ቧንቧ የተገጠመላት ጀሪካን ግማሹን ጊዜ ባዶ ነበረች። ሰው ግን ቧንቧውን ይከፍትና እጁን ያሻሻል፣ ለወጉ።

እኔ ደመወዝተኛ ነኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ወር በገባ ቁጥር ደመወዜ ባንክ ይገባል። እቤቴ ተቀምጬ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ "እባካችሁ ቤታችሁ ተቀመጡ፣ ሕዝባችን መቼ ነው የሚሰለጥነው" ብዬ ለጠፍኩ። የአክስቴ ልጅ ከሥሩ አንድ መስመር ጻፈልኝ፦ "ቤት ለመቀመጥም እኮ ምሳ ያስፈልጋል ጋሼ።" ጋሼ ብሎኝ አያውቅም፣ በሁለት ዓመት ነው የምበልጠው። ሰባ ሰው ወደደለት። ተናድጄ ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

በዚያው ሰሞን ጠቅላይ ሚኒስትሩም ያደጉት አገሮች እንዳደረጉት መዝጋት አንችልም፣ ቤት የሌለው ብዙ ነው፣ ቤት ያለውም የዕለት ጉርሱን ወጥቶ ነው የሚያገኘው ዓይነት ነገር ተናግረው ነበር። ስለዚህ ትናንት "ስለተዘጋብን" ብለው ሲጨቃጨቁ የትኛውን መዘጋት እንደሚሉ ግራ ገባኝ። ባሕር ዳር ለሁለት ሳምንት ተዘግታ ነበር፣ እኛም እዚህ ጠዋት ጠዋት "ዛሬ ተራው የኛ ነው" እያልን እንሸበር ነበር። ግን ገበያው እንደ ልማዱ ሲቆም ኖሯል። ጠላ ቤቱም በጓሮ በር ሲሸጥ ኖሯል፤ ከየት አወቅክ አትበሉኝ። እውነት የተዘጉት ትምህርት ቤትና ለቅሶ ናቸው።

ለቅሶው ላይ ልቆይ። ልጽፍ የተነሳሁትም ስለሱ ነው።

ግንቦት ላይ አጎቴ አረፈ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አዘዞ። በኮሮና አይደለም። ስኳሩ ነው የቆየ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተደወለልን። እናቴ ገና ስልኩን ሳላነሳ ነው ያወቀችው፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ወዲያው ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። እኔ በሩን ያዝኩ።

"እማዬ፣ አትሄጅም" አልኳት።

67 ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊት አለባት። አንብቤያለሁ፣ ቁጥሩን አውቀዋለሁ፣ የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የምታወጣውን መግለጫ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። ከሄድሽ ታቅፈሻለሽ፣ ታለቅሻለሽ፣ ሁሉም ፊቱን ፊትሽ ላይ ያደርጋል፣ ትሞቻለሽ አልኳት። እንዲህ በግልጽ። ወንድሟ በሞተ በግማሽ ሰዓቱ።

አልተጣላችኝም። የገረመኝ እሱ ነው። ተመልሳ ወደ ጓዳ ገባች፣ ቁና አውጥታ ስንዴና ሽንብራ ሰፈረች፣ ትልቁን ድስት ጣደች። ንፍሮ ልትቀቅል ነው። "ለማን ነው?" ስላት "ለቅሶ ያለ ንፍሮ የት አይተሃል" አለችኝ። እድሩ ድንኳን አይጥልም፤ ተከልክሏል። ጡሩምባም አልተነፋም። ጎረቤት በየተራ ከአጥር ውጭ ይቆምና "እግዜር ያጥናሽ" ይላታል፣ እሷም ከደጃፉ "እናንተንም አይንካችሁ" ትላለች። እኔ በሰሃን ንፍሮ ይዤ ወደ በሩ እሄዳለሁ፤ አንዳንዱ በእጁ መዳፍ ይቀበላል፣ አብዛኛው "ይቆየን፣ ይቆየን" እያለ ወደ ኋላ ይላል። እጄን እያየ ነው ወደ ኋላ የሚለው። ያን ሁሉ ፌስቡክ ላይ ስመክር የኖርኩት እኔው ነኝ፣ ምን ልበል።

ቀብሩ አዘዞ ተክለ ሃይማኖት በጥቂት ሰው ተፈጸመ። እናቴ ሳሎን ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ሙሾ የሚያወርድ የለ፣ ተቀብሎ ደረቱን የሚመታ የለ። ብቻዋን ጀመረችና አንድ ሁለት ስንኝ ብላ አቆመች። ብቻ ለብቻ አይለቀስም ለካ፤ ያፍራል ሰው። በሦስተኛው ቀን የተረፈውን ንፍሮ ለዶሮዎቹ በተነችው። እየበተነች ስማቸውን እየጠራች ታናግራቸው ነበር። እኔ በመስኮት አያለሁ።

አዋጁ በዓመቱ መለወጫ አበቃ። ሲታወጅ በቴሌቪዥን ነው የታወጀው፤ መቆሙን ግን እኛ ቤት ያወቅነው በጡሩምባ ነው። ማለዳ የእድሩ ሰው ነፋ፣ ከእኛ በታች ያሉ አንድ አባት አርፈው። ድንኳን ተጣለ፣ ሰፈሩ ግጥም አለ፣ ማስክ ያደረገውን በጣት ትቆጥራለህ፣ እሱም አገጩ ላይ። እናቴ ሄደች። አልከለከልኩም፣ በምን አፌ። ተከትያት ሄድኩ። ሟቹን እምብዛም አታውቃቸውም። ገና ድንኳኑ ውስጥ እንደገባች "ወንድምዬ" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ገባው። የሟቹ ልጆች ራሳቸው ተነስተው ደገፏት፤ ሴቶቹ ሙሾውን ወደ አጎቴ ስም አዞሩላት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል በማያውቁት ሰው ለቅሶ አጎቴ ተለቀሰ። ቤት ስንገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግንቦት ወዲህ እህል ጠግባ በላች።

ከዚያ በኋላ መመሪያ ቁጥር 30 የሚባል ወጥቶ ነበር። ማስክ ግዴታ ነው፣ መጨባበጥ ክልክል ነው፣ ቅጣት አለው ይላል። ግን ማን ሊያነበው? ጥቅምት 24 የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ኅዳር 4 ሌሊት ጎንደር አየር ማረፊያ ላይ ሮኬት ተተኮሰ። በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ስለ ማስክ የሚጠይቅህ የለም። ሌላው ዓለም ገደቡ ይነሳ አይነሳ ብሎ አደባባይ ወጥቶ ሲሟገት፣ እኛ ጋ ገደቡን ያነሳው የባሰ ነገር ነው። ኅዳር 12 እናቴ እንደ ልማዱ ቆሻሻ ጠርጋ አቃጠለች። የኅዳር በሽታ የተባለው፣ በ1911 ሰው የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ፣ እስከ ዛሬ የሚታጠንለት እሱ ነው። በጭሱ መሃል ቆማ "የኮሮናውንም ይውሰደው" አለች፣ ቆይታ ደግሞ "የጥይቱንም።"

ክትባቱ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው፣ በሽታው በገባ ልክ በዓመቱ። አስትራዜኔካ። በዚያው ሳምንት ጀርመንና ፈረንሳይ ደም ያረጋ ይሆናል ብለው ለጊዜው አቆሙት፤ የአውሮፓው ተቆጣጣሪ በቀናት ውስጥ ጥቅሙ ያመዝናል ቢልም እኛ ጋ የደረሰው የመጀመሪያው ወሬ ብቻ ነበር። መካን ያደርጋል፣ ቺፕ አለው፣ 666 ነው፣ በሁለት ዓመት ይገድላል። እኔ እያንዳንዱን መልስ እሰጣለሁ። ከተማችን እኮ የጤና መኮንን ያስተማረች ከተማ ናት እላለሁ። ደምቢያ ላይ ወባ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ በ1947 የጤና ኮሌጅ የተከፈተው እዚሁ ነው፣ ፈንጣጣን ከአገራችን ያጠፋው ክትባት ነው፣ እያልኩ እስከ እኩለ ሌሊት እጽፋለሁ።

ልናዘዝና፣ ያን ሁሉ ስጽፍ አልተከተብኩም ነበር። መጀመሪያ ለጤና ባለሙያና ለአረጋዊ ነው ስለተባለ ተራዬ አልደረሰም እል ነበር። ተራዬ ሲደርስ ጉንፋን ያዘኝ አልኩ። ከዚያ ፈተና አለብኝ አልኩ። ፈርቼ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ኧረ ድሮ" እል ነበር።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴ ግራ ክንዷን ይዛ ተቀምጣለች። ነፍስ አባቷን ጠይቃ "ጸበሉም መድኃኒቱም የሱ ነው" ብለዋት፣ ከጎረቤቷ ጋር ጤና ጣቢያ ሄዳ ተከትባ መጥታለች። እኔን አላማከረችም።

"ደግ አደረግሽ እማዬ፣ ግን ምነው ሳትነግሪኝ?" አልኳት።

"በሚቀጥለው ለቅሶ እንዳትከለክለኝ ነው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያለ ነጥብ የትም ክርክር ላይ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ዙር በወቅቱ አልመጣም። ክትባቱ የሚመረተው ሕንድ ነበር፤ እዚያ በሽታው ሲበረታ ወደ ውጭ መላኩ ቆመ። እሷ ሁለቴ ተመላልሳ "የለም" ተባለች። በክረምቱ ጦርነቱ ወደ ደባርቅና ዳባት ተጠጋ፣ ከተማው በተፈናቃይ ሞላ፣ ማን ስለ ቀጠሮ ያስባል። እኔ በመጨረሻ በ2014 አንድ ጊዜ የሚወጋውን ወሰድኩ። ወረፋ ላይ ከፊቴ የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአክስቴ ልጅ። ውጭ አገር ሥራ አግኝቶ ካርድ ተጠይቆ ነው። "ጋሼ፣ አንተ ድሮ ተከትበህ አልነበር እንዴ?" አለኝ ጮክ ብሎ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ዛሬ ማታ የሻይ ክፍሉን ክርክር ለእናቴ ነገርኳት። ከዚያ ለዓመታት አፌ ላይ ኖሮ የዋጥኩትን ጠየቅኳት። "ያን ጊዜ አዘዞ ብትሄጂ ይሻል ነበር?"

ቡናውን ቀድታ እስክትጨርስ አልመለሰችልኝም።

"ማስክ አድርጌ እሄድ ነበራ" አለች። "በሩቅ ቆሜ እመለስ ነበር። አንተ እኮ ወይ ሂጂ ወይ ቅሪ እንጂ ሌላ አላልከኝም።"

ዝም አልኩ። እሷ ግን ተነስታ መዝሙረ ዳዊቷን አመጣች። የክትባት ካርዷ ውስጡ አለ፣ እንደ ዕልባት ታደርገዋለች፣ ጠርዙ በቡና ተነክሯል። መነጽሯን ስላጣችው ለእኔ ሰጠችኝ።

"ሁለተኛው መቼ ነው ይላል?"

"ሰኔ 2013።"

"እህ" አለች፣ ሲኒውን ወደ እኔ እየገፋች። "አለፈኝ እንዴ?"