ቀፎውን ከመክፈቴ በፊት ደጃፉን ማየት ጀምሬያለሁ

ሰላም የንብ ወዳጆች! ሰሞኑን ቀፎ መክፈት ቀንሼ ደጃፉ ላይ ቁጭ ማለት አብዝቻለሁ። ውስጥ ያለው ነገር ግማሹ ከውጭ ይታወቃል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ አቀማመጣችሁን አስተካክሉ። ንቦቹ የሚመላለሱበት መስመር ላይ ከተቀመጣችሁ ትነደፋላችሁ፤ ከጎን ሁኑ። ከዚያ የኋላ እግራቸውን እዩ። የአበባ ዱቄት በብዛት ተሸክመው የሚገቡ ከሆነ ውስጥ የሚቀለብ እጭ አለ ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም ፕሮቲኑን የሚያገኙት ከእሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ድንገት ሊናወጥ ይችላል። ጀማሪ ሰው መንጋው ሊሄድ ነው ብሎ ይደነግጣል። ግን ልብ ብላችሁ ስታዩ ፊታቸው ወደ ቀፎው ነው፣ ከፊቱ ግራ ቀኝ እያሉ ቀስ በቀስ ይርቃሉ። ወጣት ንቦች ናቸው፣ ቤታቸው የት እንደሆነ እያጠኑ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጸጥ ይላል።

ሌላው የክንፍ ማርገብገብ ነው። ሁለት ዓይነት መሆኑን ለማየት ጊዜ ወስዶብኛል። ሆዷን ወደ ታች ጎበጥ አድርጋ የምታርገበግበው አየር እያንቀሳቀሰች ነው፤ እጮቹ ያሉበት ቦታ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቆየት አለበት፣ ማሩም ውሃው መትነን አለበት። ሆዷን ወደ ላይ አንስታ ጫፉ ላይ ፈካ ያለች መስመር የምታሳየው ግን ሽታ እየረጨች ነው፣ «ቤታችን እዚህ ነው፣ ኑ» እያለች።

ወደ ውስጥ ስንገባ፣ ንግሥቲቱን ፍለጋ ፍሬም (ንቦቹ ሰም የሚሠሩበት ተነቃይ ማዕቀፍ) ሁሉ የሚያገላብጥ ሰው ይገርመኛል። እንቁላል ፈልጉ! ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ብርሃኑ ወደ ሰሙ ቀዳዳ ውስጥ እንዲገባ ፍሬሙን ዘንበል አድርጉት። እንቁላሏ ነጭና ቀጭን ናት፣ ርዝመቷ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ። በመጀመሪያው ቀን ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ከዚያ እያዘነበለች በ3ኛው ቀን ትተኛለች። እያንዳንዱ ቀዳዳ ታች መሃል ላይ አንድ አንድ የቆመ እንቁላል ካያችሁ ንግሥቲቱ በቅርቡ እዚያ ነበረች፤ ፍሬሙን መልሱና ክደኑት። አንድ ቀዳዳ ውስጥ ብዙ እንቁላል፣ ያውም ግድግዳው ላይ ከሆነ ደግሞ እየጣሉ ያሉት ሠራተኛ ንቦቹ ሊሆኑ ስለሚችሉ ያኔ ነገሩን መመርመር ያስፈልጋል።

ደግሞ ጭፈራው አለ፣ አበባ ያገኘች ንብ ቦታውን ለሌሎቹ የምትነግርበት! ኦስትሪያዊው የንብ ተመራማሪ ካርል ፎን ፍሪሽን በ1973 እ.ኤ.አ. ኖቤል ካካፈሉት ሥራዎች አንዱ ይህንን መፍታቱ ነው። ንቧ ሆዷን እያወዛወዘች ቀጥ ብላ ትሮጣለች፣ ዞራ ትመለሳለች፣ ደግማ ትሮጣለች። በቆመው ሰም ላይ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከሮጠች አበባው በፀሐይ አቅጣጫ ነው። 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ካዘነበለች ከፀሐይ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ። ውዝዋዜው 1 ሰከንድ ከቆየ ርቀቱ በግምት 1 ኪሎ ሜትር ነው። ፍሬም አውጥቶ ይህን ማየት ግን አይመችም፣ ብርሃኑም አያያዙም ይረብሻቸዋል፤ ግድግዳው መስታወት የሆነ ቀፎ በጣም ይሻላል። እዚያ ዙሪያዋን የከበቡት በአንቴናቸው ሲነካኳት ሁሉ ይታያል።

አሁን ያሰብኩት ገና ከሰሙ የወጡ ንቦች ጀርባ ላይ የቀለም ነጥብ አድርጌ ደጃፍ ላይ መቼ እንደሚታዩ መመዝገብ ነው። ብዙውን ጊዜ ቀለብ ፍለጋ የሚሰማሩት 3 ሳምንት አካባቢ ሲሞላቸው ነው፣ መንጋው ከተቸገረ ግን ቀደም ይላሉ። ክንፋቸውን ሳይነካ ነጥብ ማድረግ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።