ጋዜጣ ይዛችሁ ኑ

እንኳን ከ2017 ወደ 2018 ዓ.ም. በሰላም አሸጋገራችሁ!

ዛሬ ገና ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ እስኪደርስ አላስችል ብሎኝ ነው የምጽፈው። ጠዋት መስኮት ስከፍት እንጦጦ ጉሙን ገፎ ቁልጭ ብሎ ቆሟል። ክረምቱን ሙሉ ሲደበቅብን ከርሞ ለበዓሉ ታጥቦ የወጣ ይመስላል። የቅዳሜ ተጓዦች፣ መልካም አዲስ ዓመት! ዓመቱን ሙሉ ጭቃ የበላውን ጫማችንን በፎቶ እያያችሁ «እኔም እመጣለሁ» ስትሉ የከረማችሁም፣ መልካም አዲስ ዓመት። አንድም ቀን አልመጣችሁም፤ ቢሆንም እንወዳችኋለን።

ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም ያለውን ዳገት ዘንድሮ ስንቴ እንደወጣነው መዝገቡን የምትይዘው እህታችን ትንገራችሁ። ኅዳር ላይ ጥቂቶቻችን የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ጨርሰዋል፤ ካኔቴራውን እስካሁን አላወለቁትም። ጥር ላይ መናገሻ ሱባ ጫካ ልንሄድ ተነሥተን ሚኒባሷ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ጥዱን ሳናይ፣ እየገፋናት፣ የዓመቱን ረጅሙን የእግር ጉዞ አስፋልት ላይ አደረግን። እሱን ያየ ሰው ፎቶ እንዳያወጣ ተማምለናል።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከወደ ፈንታሌ የሚመጣው መንቀጥቀጥ በሌሊት ከአልጋ ሲያስነሣን ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ፎቅ ላይ የምንኖረው ብርድ ልብስ ደርበን ግቢ ውስጥ እንተያያለን። ስልኬ ይጠራል። ጋሼ ናቸው። «ወርደሻል ልጄ?» ይሉና «አዎ» ስል ወዲያው ይዘጉታል፤ ገና የሚደውሉለት ሰው አለ። የቡድኑን ሰው አንድ በአንድ ነበር የሚያዳርሱት።

ስማቸውን አልጽፍም። ቤተሰቡን አላስፈቀድኩም፤ እሳቸውም ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ የሚወዱ ሰው አልነበሩም። ዕድሜያቸውን በመንገድ ቅየሳ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ናቸው። ልማዱ አልለቀቃቸው ብሎ፣ ስንወጣ በየ100 እርምጃው ከቀኝ ኪሳቸው አንድ ጠጠር ያወጡና ግራ ኪሳቸው ይከቱታል። ባለ ሰዓቱ ልጅ እጁን ዘርግቶ «ጋሼ፣ 10,000 ሞላሁ!» ሲላቸው ይስቃሉ። ይህ 10,000 የሚባለው ቁጥር ሐኪም ያዘዘው እንዳልሆነ፣ በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም እንደመጣ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። «እናንተ ትሮጣላችሁ፣ እኔ እለካለሁ» ይሉ ነበር።

እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ከላይ ሲመጡ ጋሼ ከመንገዱ ወርደው ጥግ ይይዛሉ። እኛ ባዶ እጃችንን እያለከለክን ለጤና ብለን በምንወጣው ዳገት እነሱ ከቁመታቸው የሚበልጥ እስር አዝለው ይወርዱበታል። ጋሼ ኮፍያቸውን አንሥተው «በርቱ» ይሏቸዋል። አንድ ቀን ባሕር ዛፉን እያሳዩ፣ «ይሄ በምኒልክ ዘመን ባይመጣ ኖሮ ከተማዋ ማገዶ ስትከተል በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ድረስ ትሄድ ነበር። እነዚህ ናቸው ያቆሟት» ብለውኛል። ዛፉን ይሁን ሴቶቹን አልጠየቅኳቸውም።

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ሳንባ አይዋሽም። ጋሼ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነበሩ። እኛ ደርሰን፣ ሻዩ ከፔርሙዝ ተቀድቶ፣ ላባችን ደርቆ፣ ብርድ ብርድ ሲለን እሳቸው ከታች ብቅ ይላሉ። «መጡ! መጡ!» ብለን አጨብጭበን እንነሣለን። ከፌስታላቸው በአራት የታጠፈ ጋዜጣ አውጥተው እርጥቡ ሣር ላይ ሊያነጥፉ ጎንበስ ሲሉ እኛ ሱሪያችንን እያራገፍን ነው። ቀና ብለው ያዩንና ጋዜጣውን መልሰው ያጥፉታል። «እንሂዳ» ይላሉ። ይህን ስንት ቅዳሜ አየሁ? አይቼ ምን አልኩ?

ያልኩትንማ ልንገራችሁ። ሁዳዴ ላይ ከወትሮው ዘገዩ። እኔም አሳቢ መስዬ፣ «ጋሼ፣ ጾሙም ስለሆነ እስከ ፋሲካ ቢያርፉስ?» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ቆሜ መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር። «ደህና ነው ልጄ» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። ከዚያም አልመጡም።

ከፋሲካ በኋላ ልንጠይቃቸው ስንሄድ አልጋ ይዘዋል። ከስተዋል፣ ግን ጨዋታቸው እንዳለ ነው። «አሁን የመጨረሻው ማነው?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ሰኔ ላይ ቀበርናቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ልጃቸው አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ለቅዳሜ ብለው አርብ ማታ ጋዜጣቸውን ሳያጥፉ እንደማይተኙ አጫወተችኝ። «ሲመለስ አየዋለሁ፣ ጭቃ እንኳ አይነካውም፤ እንዳወጣው ነው የሚመልሰው» አለች። «አባዬ በዚያ ዕድሜው አንድ ቀን እንኳ አይቀመጥም ነበር ማለት ነው፣ አይደል?» በኩራት ነው የጠየቀችኝ። እኔም «አዎ፣ አንድ ቀን እንኳ» አልኳት።

እንግዲህ ማመስገን ያለብኝ ሰዎች አሉ። ነርሷ እህታችን፣ የደም ግፊት መለኪያውን በየሳምንቱ ተሸክመሽ ወጥተሻል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታትም ቤታቸው ድረስ እየሄድሽ እንዳየሻቸው ልጃቸው ነግራኛለች፣ አንቺ ግን ትንፍሽ አላልሽም። ፔርሙዙን የማታስረክቢው እናታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን። ባለ ሰዓቱ ልጅ፣ ከጥር ጀምሮ እየቀነስክ ከኋላ ከእሳቸው ጋር ስትመጣ ደክሞህ መስሎኝ ቀልጄብሃለሁ። ይቅር በለኝ። ጠጠሮቹ አንተ ጋ መሆናቸውን ሰምቻለሁ፤ የሚገባቸው ቦታ ነው።

ከሐምሌ ወዲህ ያወጣነውን ደንብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የእረፍቱ ደቂቃ መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ነሐሴ ላይ በዝናቡ አሳብባችሁ ሁለቴ ያፈረሳችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ በዓል ስለሆነ አልጠራችሁም። ጉልበት ይስጣችሁ፣ ግን ለዳገቱ ብቻ አይደለም፤ ለመጠበቅም ይስጣችሁ።

ቅዳሜ መስከረም 3፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ሽሮ ሜዳ። አዳዲስ ሰዎች እንደሚመጡ ሰምቻለሁ፤ አንዷ ጉልበቷን ያማታል። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ጋዜጣ ይዛችሁ ኑ።